በሁለት ሌቭና በአሥር ሌቭ መካከል

«መዋኛውን አባቴ ነው የገደለው» አለ ኦግኒያን በስልክ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ ለማስገባት እየታገለ። «ዕድሜውን ሙሉ ሕዝቡን በሁለት ሌቭ ሲያጥብ ኖሮ ገደለው። አዎ፣ ሰኞ እፈርምልሃለሁ። ከፈለግህ ድፈነው፣ ከፈለግህ መኪና እጠብበት፣ የራስህ ጉዳይ ነው።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ ግን የዚያ ፎቅ ቤት ግድግዳ እንኳን ንግግር ትንፋሽም ደብቆ አያውቅም። ወጥ ቤት ውስጥ አባቱ ራንጌል ቲማቲም ይቆርጡ ነበር። ቢላዋው ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ምንም እንዳልሰማ ሰው ሥራውን ቀጠለ፣ ቁራጮቹ ግን እየወፈሩ ሄዱ። ሴት ልጃቸው ዝላቲና ከአጠገባቸው ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። የአባቷን እጅ አየችና አንገቷን ደፋች።

ቁርስ ቀረበ። ዳቦ፣ ነጭ አይብ፣ ቲማቲም፣ ትናንት የተጠበሰ ቃሪያ፣ በብርጭቆ የናና ሻይ። ሦስቱ ከአንዲት ጠባብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ይነካካል፣ ዓይናቸው ግን አይገናኝም። ራንጌል አምና በሚያዝያ ልባቸውን ታመው የመዋኛውን ቁልፍ ለልጃቸው ካስረከቡ ወዲህ፣ ልጃቸውም ገና በመጀመሪያው ቅዳሜ የመግቢያውን ዋጋ ከሁለት ሌቭ አንስቶ አሥር ካደረሰው ወዲህ፣ አባትና ልጅ ቀጥታ ተነጋግረው አያውቁም። ጨው ሲፈለግ በዝላቲና በኩል ነው። ስድብ ሲፈለግም በዝላቲና በኩል ነው። እሷ አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ የሒሳብ መምህርት ናት፣ ትዳሯ ከፈረሰ በኋላ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ ገብታለች፤ አንዳንዴ ራሷን በሁለት ክፍሎች መካከል እንደተቀደደች የምግብ መስኮት ትቆጥራለች፣ ሳህን እየተቀበለች የምታሳልፍ።

«ለወንድምሽ ንገሪው» አሉ ራንጌል ዳቦ እየቆረሱ። «እኔ በሁለት ሌቭ የማጥበው ሰው ነበር። እሱ በአሥር ሌቭ ዳክዬ ነው የሚያጥበው።»

«ለአባትሽ ንገሪው» አለ ኦግኒያን አይቡን ወደ ራሱ እየሳበ፣ «ዳክዬ ቢሆን በወደድኩ። ዳክዬ ፎጣ አይሰርቅም፣ ዳክዬ ገንዳ ውስጥ የሱፍ ፍሬ ልጣጭ አይተፋም።»

መስኮቱ ክፍት ነው፤ ገና ረፋድ ሳይሆን የሐምሌ ሙቀት ከአስፋልቱ ላይ መነሳት ጀምሯል። ከታች የከተማው ባቡር፣ ትራሙ፣ ሲዞር ይጮኻል፤ ከዚያ ማዶ የመዋኛው አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ከመሬት በታች ፈልቶ የሚወጣው ውሃ እንፋሎት ይታያል። የሶፊያ ከተማ ምዕራብ ጫፍ ላይ ያሉ ሰዎች እዚያ ገንዳ ውስጥ ነው ዋና የተማሩት፣ እዚያ ነው ቁርጥማታቸውን ያስታገሱት፣ አንዳንዶቹም እዚያ ነው ባልና ሚስት የሆኑት። ሰኞ ግን አንድ የመኪና ማጠቢያ ባለቤት መጥቶ ውሉን ይረከባል። ገቢው አይበቃም፤ ዋናው ቀን ቅዳሜ ነው፣ ቅዳሜ የሚገባው ገንዘብም ለነፍስ አድን ሠራተኞቹ፣ ለፍል ውሃው ኪራይና ለጽዳቱ ተከፍሎ ያልቃል። በአባትየው ዘመንም እንዲሁ ነበር፣ በልጁ ዘመንም እንዲሁ ሆነ። ሁለቱም ጥፋቱ የሌላው መሆኑን አንድ ቀን ተጠራጥረው አያውቁም።

ዝላቲና ሻይዋን ገፋ አድርጋ በመስከረም ድጋሚ ለሚፈተኑ ተማሪዎቿ ጥያቄ ማዘጋጀት ጀመረች። ጥያቄው በየዓመቱ ያው ነው። አንድ ነጋዴ አለ፤ ዋጋ ሲጨምር ገዢ ይቀንስበታል፤ ከፍተኛውን ገቢ የሚያገኘው በስንት ቢሸጥ ነው? ስንትና ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ሠርታዋለች። ኳድራቲክ ፈንክሽን ትላለች፣ ፓራቦላውን በጠመኔ አንድ ጊዜ ሳብ አድርጋ ትስለዋለች፣ ጫፉ ላይ ነጥብ ታደርጋለች፣ ደወል ይደወላል። ያ ነጋዴ ፊት የለውም፣ ሱቅ የለውም፣ ገዢዎቹም ሰው አይደሉም። እውነቱን ለመናገር ግዕዝ ሳይሰማ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ነበረች፤ ንባቡ አይሳሳትም፣ ነገሩ ግን አንድም ቀን ወደ ልቧ ገብቶ አያውቅም። ዛሬ ግን ብዕሯን ይዛ ሳለ የወንድሟ ቃል ገና ጆሮዋ ላይ ነበርና እጇ ቆመ።

«አባባ» አለች። «በአንተ ጊዜ ቅዳሜ ስንት ሰው ይገባ ነበር?»

«አምስት መቶ» አሉ ሳያመነቱ። «ዝናብ ካልመጣ አምስት መቶ። እግር ማስቀመጫ አይገኝም ነበር።»

«አንተስ፣ ኦግኒያን?»

«መቶ። መቶ የተረጋጋ ሰው። ለምን ትጠይቂኛለሽ? አንቺም ልትፈርጂብኝ ነው?»

አምስት መቶን በሁለት አባዛች፤ ሺህ። መቶን በአሥር አባዛች፤ ሺህ። የተሳሳተች መሰላት። ልጆች ሲሳሳቱ እንደምታደርገው ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ያው ሺህ ነው። ቀና ብላ ሁለቱን አየቻቸው። አንዱ ዳቦውን ያፈራርሳል፣ ሌላው ስልኩን ያገላብጣል። እነዚህ ሰዎች ከዓመት በላይ የተኳረፉት ለአንድ ዓይነት ሺህ ሌቭ ነው! አንዱ በሕዝብ ጫጫታ፣ ሌላው በባዶ ውሃ ያገኙት ያንኑ ገንዘብ ነው። ወዲያው ልትነግራቸው አፏን ከፈተች፤ ግን ቆይ፣ አለች በልቧ፣ ይህ ብቻውን አይደለም፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር አለ። አውቀዋለሁ። ሙሉ ዕድሜዬን ሳስተምረው ነው የኖርኩት።

ማርከር አንስታ የጠረጴዛው ላስቲክ ላይ፣ በአይቡ ሳህንና በጨው ዕቃው መካከል፣ ሁለት ነጥብ አደረገችና በመስመር አገናኘቻቸው። ከሁለት ወደ አሥር ስምንት ሌቭ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ አራት መቶ ሰው ጠፍቷል። ስለዚህ አንድ ሌቭ በተጨመረ ቁጥር ሃምሳ ሰው ይቀራል ማለት ነው። ግን ጥንቁቅ ሴት ናትና እዚህ ላይ ራሷን ያዘች። በሁለት ነጥብ መካከል ማንም ቀጥ ያለ መስመር ይስላል፤ ዓለም ቀጥ ያለች ስለሆነች አይደለም።

«ከሁለትና ከአሥር ውጭ በሌላ ዋጋ ሸጠህ ታውቃለህ?» ብላ ወንድሟን ጠየቀችው።

«የላስቲኩን ዋጋ ታውቂዋለሽ? ይሄ አይጠፋም እኮ።»

«ኦግኒያን!»

«አንድ ቅዳሜ ብቻ። ሰኔ ላይ ማስታወቂያ ያሳተምኩበት ሰካራም ሰባት ብሎ ጽፎብኝ፣ ከሕዝብ ጋር ከምጣላ ብዬ በሰባት አስገባሁ። ምነው?»

«ስንት ሰው መጣ?» አለች።

ኦግኒያን ጣሪያውን አየ። «መጋደሚያ ወንበሮቹ ሁለት መቶ አርባ ናቸው። ሁሉም ተይዘው ጥቂት ሰዎች ሣር ላይ ፎጣ አንጥፈው ነበር። ሁለት መቶ ሃምሳ በይው።»

ዝላቲና ማርከሩን አስቀመጠችው። ሰባት ሌቭ ላይ መስመሩ ምን እንደሚል ሳትጠይቀው በፊት አስልታ ነበር፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ነበር የሚለው። ማንም ለማንም ሳይናገር፣ በየፎቁ የተኛ፣ በየትራሙ የተሳፈረ፣ ኪሱን የዳበሰ፣ ከሚስቱ ጋር የተነታረከ ያ ሁሉ ሰው መጥቶ በአንድ ሰካራም የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ስህተት ላይ መስመሯን ነክቶላት ሄዷል። ውጭ ትራሙ ጮኾ ዞረ። እሷ ግን ለጊዜው ምንም አልሰማችም።

ከዚያ ነገረቻቸው። ለተማሪ እንደምትናገረው ሳይሆን ጉድ ያየች ሴት እንደምትናገረው ነገረቻቸው። በነጻ ብታስገቡ ስድስት መቶ ሰው ይመጣል፣ ገንዘብ የለም። አሥራ ሁለት ሌቭ ብታደርጉት ማንም አይመጣም፣ አሁንም ገንዘብ የለም። ከአንዱ ባዶ እስከ ሌላው ባዶ ድረስ ገቢው እንደ ኮረብታ ይወጣና ይወርዳል። ማርከሩን አንስታ ኮረብታውን ላስቲኩ ላይ ሳለችው፤ ሁለት ወገኑ እኩል ነው። «አንተ አባባ በዚህ በኩል ዳገቱ ላይ ቆመሃል፣ ሁለት ሌቭ ላይ። አንተ ደግሞ በወዲያኛው ቁልቁለት ላይ፣ አሥር ሌቭ ላይ። ከፍታችሁ አንድ ነው። ኮረብታው መሃል ስለገባ አትተያዩም እንጂ እኩል ነው የቆማችሁት። ጫፉ እኩሌታው ላይ ነው። ስድስት። ሦስት መቶ ሰው በስድስት፣ ሺህ ስምንት መቶ።»

ራንጌል ላስቲኩ ላይ የተሳለውን ኮረብታ ብዙ አዩት። ኦግኒያን ግን ሳቀ፤ ሳቁ ደስታ አልነበረበትም።

«መምህርት! ሰው እኮ ጠመኔ አይደለም። ሙቀቱ አለ፣ ስሜቱ አለ፣ እግር ኳሱ አለ። ነገሩ በመስመር ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የማውቀው እኔ አልነበርኩም ወይ?»

«ዛሬን ስጠኝ» አለችው። «ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሰኞ የምትፈርመውን ፈርም፤ ዛሬን ብቻ ስጠኝ።»

ወንድሟ አባቱን ሊያይ ፈልጎ ተወው። ጫማውን አሠረና «ነይ እንግዲህ» አለ። «ሰሌዳው ላይ የፈለግሽውን ጻፊ። ለሬሳ ሽቶ ማን ይከለክላል።»

በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ ራሷ ደምስሳ ትልቅ ስድስት ጻፈች። ከትራሙ ፌርማታ ሥር ቅቅል በቆሎ የሚሸጡት እማማ ግሮዝዳ ብድግ ብለው መጥተው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አነበቡትና «እውነት ነው ወይስ እንደ ሰኔው ነው?» አሉ። እውነት መሆኑን ሲሰሙ ወደ ድስታቸው ተመለሱ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ትራም በቆመ ቁጥር ድምፃቸው ሰፈሩን ያናውጠው ጀመር። «ስድስት! ስድስት ሆኗል! ውረዱና ታጠቡ፣ ሲርባችሁ ወደኔ ኑ!» ኦግኒያንም እያጉረመረመ በመዋኛው የፌስቡክ ገጽ ላይ ለጠፈው፤ ዝላቲና ደግሞ ለተማሪዎቿ ወላጆች ላከችው። ከዚያ የትኬት መሸጫዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ክፍሏ ከአንድ አልጋ አትሰፋም፤ የክሎሪንና የአሮጌ እንጨት ሽታ አላት፣ ትንሿ ማራገቢያ ነፋሱን ሳይሆን ሙቀቱን ነው የምታዞረው። የትኬቱ ጥቅል ከጎኗ ነው። መስኮቷ እጅ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ፊት ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ላይ ሰው አልነበረም። ሁለት ሽማግሌዎች ገቡ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ገባች፣ ከዚያ ዝም። ዝላቲና የትኬቱን ጥቅል አስተካከለች። የተማሪዎቿ ፊት ባይኖርም ሰሌዳ ፊት ቆማ ስሌቱ የጠፋባት መሰላት። ወንድሟ በገንዳው ዳር ወንበር እየደረደረ በሩን አንድ ጊዜ አየት አደረገና ወደ ወንበሮቹ ዞረ። ከዚያ አንድ ትራም መጣ፣ ብዙ ሰው አራገፈ፤ ሌላ መጣ። መስኮቷ ላይ እጆች መታየት ጀመሩ። የሠራተኛ እጅ፣ ጥፍሩ የተቀባ እጅ፣ ገና አሸዋ የያዘ የሕፃን እጅ። አንዱ ጎረምሳ ሃያ ሌቭ ወርውሮ መልሱን ሳይጠብቅ ሮጠ፤ ይህ ልጅ አሥርም ቢሆን ይገባ ነበር። አንዲት ሴት «በእርግጥ ስድስት ነው? ውስጥ ሌላ አትጨምሩም?» ብላ ደጋግማ ጠየቀች፣ በመጨረሻም ሳንቲሞቿን አንድ በአንድ አስቀመጠች፤ ይህቺኛዋ ስድስት ከሃምሳ ቢሆን ኖሮ ከበሩ ትመለስ ነበር። ዝላቲና ያኔ ነው የገባት። እያንዳንዱ ሰው በውስጡ አንድ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ከዚህ በላይ አልከፍልም የሚለው ቁጥር። ለማንም አይነግረውም፣ ራሱም በደንብ አያውቀውም፣ በሩ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው የሚሰማው። ያቺ ቀጥ ያለች መስመር ከእነዚህ ሁሉ ምስጢሮች ነው የተሰመረችው። እንዴት ነው እሺ እንዲህ ተደርድረው የተገኙት? ማን አስተካከላቸው? በሕይወቷ ሙሉ በጠመኔ ስትስለው የኖረችው ነገር ከአጥሩ ውጭ በሁለት እግሩ ተሰልፎ የሚነፋ ጎማ ይዞ፣ ካልሲ ለብሶ፣ እያዛጋ ቆሟል።

እኩለ ቀን ሳይሞላ አንዲት አሮጊት ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው ጋር መጡ። ልጆቹ ከአሁኑ የዋና ልብሳቸውን ለብሰው፣ አንደኛዋ የጎማ አዞ አንገቷ ላይ አጥልቃለች። አሮጊቷ ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ዝላቲና ጎንበስ ብላ በመስኮቱ ታያለች፤ ስድስትን በአራት እያባዙ ነው። ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ አዩ፣ ዘጉት። ከዚያ ወደ ልጆቹ ጎንበስ ብለው «ዛሬ ውሃው ቆሽሿል ብለዋል፣ ሌላ ቀን እንመጣለን» አሏቸው። ልጅቷ አዞዋን እያየች «አልቆሸሸም፣ ይታየኛል እኮ!» አለች። አሮጊቷ እጇን ይዘው መንገዱን አሻገሯት። ዝላቲና በመስኮቱ ልትጠራቸው ፈለገች፤ ሰልፉ ግን ረዝሟል፣ አንድ እጅ ገንዘብ ይዞ እየጠበቃት ነው። ትኬቱን ቀደደች። በስሌቷ ውስጥ ሃምሳ ሰው ይቀራል ብላ ስትናገር እነዚያ ሃምሳ ሰዎች ለልጆቻቸው ምን እንደሚሏቸው አስባ አታውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኦግኒያን መሸጫዋ ውስጥ ገባ። ለሁለት ሰው ስለማይበቃ በሩ ላይ ተጣበቀ። ፀሐይ አፍንጫውን አቃጥላዋለች፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ረጥቧል። ወንበር አልቆ፣ ሣሩ ሞልቶ፣ አይስክሬሙ ሁሉ ማለቁን በአንድ ትንፋሽ ነገራት። ከዚያ ጥቅሉ ላይ ያለውን የትኬት ቁጥር ዝቅ ብሎ አነበበ። ከሦስት መቶ ትንሽ ፈቅ ብሏል። እንደገና አነበበው።

«ሦስት መቶ ብለሽኝ ነበር» አለ።

«ሦስት መቶ ብዬህ ነበር።»

«ቁርስ ላይ። አይብ እየበላሽ።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲያወርደው ፊቱ ላይ የነበረው ያ የዘወትር ኩርፊያ የለም፤ ልጅ ሆኖ አባታቸው ሙቁን ውሃ ሲከፍቱ ቧንቧው ዳር ተንበርክኮ የሚያየው ዓይን ተመልሶ መጥቷል። «ይሄ ጥንቆላ ነው፣ እቴ። አስፈራሽኝ።»

«እኔንም አስፈርቶኛል» አለችው። እውነቷን ነበር።

ያን ጊዜ መስኮቷ ላይ አንድ የምታውቀው እጅ መጣ። ጅማቱ የወጣ፣ አውራ ጣቱ ላይ የቆየ የቧንቧ ጠባሳ ያለበት እጅ። አንድ የአምስትና አንድ የአንድ ሌቭ አስቀመጠ። ዝላቲና ጎንበስ ብላ አየች። አባቷ ናቸው፤ የዋና ልብሳቸውን በላስቲክ ከረጢት ይዘው፣ እንደማንኛውም ሰው ተራ ጠብቀው፣ ከፊታቸው አንድ ቤተሰብ ከኋላቸው አንድ ቤተሰብ ሆነው ቆመዋል። ቁልፉን ካስረከቡ ወዲህ እዚያ ደጃፍ ደርሰው አያውቁም።

«አባባ፣ አንተ ደግሞ! ዝም ብለህ ግባ።»

«ትኬት ስጪኝ» አሉ። «ሰልፍ አታቋርጪ፣ ሰው ቆሟል።»

ቀድዳ ሰጠቻቸው። ራንጌል ትኬቱን ደረት ኪሳቸው ውስጥ አድርገው በበሩ ገቡና ቆሙ። ገንዳው ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው፤ ነገር ግን በእሳቸው ጊዜ እንደነበረው አይደለም፣ መዋኘት ይቻላል፣ በሰውና በሰው መካከል ውሃ ይታያል። ልጃቸው ከመሸጫዋ ወጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ሁለቱም ወደ ውሃው ነው የሚያዩት። ዝላቲና ትኬት መቅደዷን አቁማ ከኋላቸው ታያለች፤ ሰልፉ አጉረመረመ። ቃል ቢኖር እሷን ፈልገው ይዞሩ ነበርና ጠበቀች።

አልዞሩም። «ውሃው በዚያኛው በኩል አይጨስም፣ ቀዝቅዟል» አሉ ራንጌል፣ ለልጃቸው። «ሰው ሲበዛ ሁለተኛውንም ቧንቧ መክፈት ነው። ጥብቅ ነው፣ ወደ ግራ ነው የሚዞረው።»

«እሺ» አለ ኦግኒያን። «እሺ አባባ። መቶ ሰው ሲሆን አያስፈልግም ነበር፣ ለዚያ ነው።»

«አዎ። አምስት መቶ ሲሆን ደግሞ አይበቃም ነበር» አሉ ሽማግሌውና ልብሳቸውን ሊቀይሩ ሄዱ።

በሩ ለአዲስ መጪ ከተዘጋ በኋላ ሦስቱ ገንዳው ዳር እግራቸውን ውሃ ውስጥ አድርገው ተቀመጡ። ኦግኒያን እሳት ይዞታል። ለመኪና ማጠቢያው ሰውዬ ደውሎ ሰኞ እንዳይመጣ ነግሮታል፤ ሰውዬው ሰድቦታል፣ እሱም መልሶ ሰድቦታል፣ ደስ ብሎት ነው የሚያወራው። አሁን ደግሞ ነገን እያሰበ ነው። «ስድስት እንዲህ ካመጣ ነገ ሰባት ብናደርገውስ? አንድ ሌቭ ምን አላት!»

ዝላቲና ጣቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ሲሚንቶው ላይ ኮረብታውን ሳለችው፤ ከአንዱ ወገን ስትጨርስ ሌላው ወገን ይደርቅ ነበርና ቶሎ ቶሎ ሳለች። «ሰባት ብታደርገው ሁለት መቶ ሃምሳ ሰው ይመጣል፣ ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ታገኛለህ። አምስት ብታደርገው ሦስት መቶ ሃምሳ ሰው ይመጣል፣ ምን ታገኛለህ?»

ኦግኒያን አሰበ። አባዛ። እህቱን አያት። «ያው ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ።»

«አየህ? ጫፉ ሹል አይደለም። ደልዳላ ነው። ከጫፉ አንድ እርምጃ ብትወርድ የምታጣው ሃምሳ ሌቭ ነው፣ በየትኛውም በኩል ብትወርድ። በሰባቱ በኩል ግን ሃምሳ ሰው ይቀንስብሃል፣ በአምስቱ በኩል ሃምሳ ሰው ይጨመርልሃል።» ይህን ክፍል ለተማሪ ነግራ አታውቅም፤ መጽሐፉ ጫፉ ላይ ደርሶ ነው የሚያበቃው። ቁንጮው ላይ ያለው ቦታ ለሰው ትንሽ እንዲንቀሳቀስ ተብሎ የተተወ ይመስል ሰፊና ገር መሆኑን ዛሬ ነው ያየችው። ስለ አሮጊቷና ስለ ልጅ ልጆቻቸው ነገረቻቸው። በአምስት ሌቭ ይገቡ ነበር ወይ? እሷ አታውቅም። ስሌቱ ሃምሳ ሰው ይላል እንጂ ማን ማን እንደሆኑ አይናገርም።

ራንጌል እግራቸውን ውሃ ውስጥ ቀስ አድርገው እያወዛወዙ ነበር። የሁለት ሌቩን ነገር ማንሳት ይችሉ ነበር፣ አላነሱትም። ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይም ነቀሉ፣ ሳይገፉት እንዲወስን። ኦግኒያን ሲሚንቶው ላይ የቀረውን የመጨረሻ እርጥበት እስኪጠፋ ድረስ ተመለከተው። ከዚያ ተነሳና እርጥብ እግሩን እየጎተተ ወደ በሩ ሄደ። ሰሌዳውን በክንዱ ሲደመስስ፣ ከዚያ ሲጽፍ፣ ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ጽሑፉን ሲያይ ከሩቅ ይታያል። እማማ ግሮዝዳ ድስታቸውን ሊጭኑ ሲሉ ቆመው አነበቡ። «አምስት?» ሲሉ ተሰማ። «ታምመሃል እንዴ፣ ልጄ?» «አይ፣ ተማርኩ» አላቸው ኦግኒያን፣ እሳቸውም እየሳቁ የተረፈውን በቆሎ እጁ ላይ አደረጉለት።

ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ልትገባ ስትል የመጨረሻዎቹ ዋናተኞች ፎጣቸውን እየጠመዘዙ ወጡ። ዝላቲና ብዙ ዓመት ሳትዋኝ ኖራለች። ቀሚሷን ከላይ ጥላ ወደ ሙቁ ውሃ ወረደች፣ በጀርባዋ ተንጋልላ ተንሳፈፈች። ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ዓለም ሁሉ ከሩቅ ነው የሚሰማት፤ ሰማዩ ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ከዳር ወጥቶ መሃል ላይ ከፍ ብሎ በሌላው ዳር ይወርዳል። አባቷ ከአጠገቧ ቀስ ብለው ይዋኛሉ። ከቧንቧው ክፍል የኦግኒያን ድምፅ መጣ።

«አባባ! አሁንስ ሞቀ?»

«ትንሽ ጨምርበት!» ብለው ጮኹ ራንጌል። «ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ እኮ!»

«ወደ ግራ እኮ ነው ያዞርኩት!»

ዝላቲና ዓይኗን ጨፈነች። የሚቀባበሉትን ሁሉ ሰማች፣ አንዱንም ግን ለማንም አላሳለፈችም።